የፊቱ ጠርዝ ሲነሳ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በሬን ሳታንኳኳ ገባች፤ ከንፈሮቿ መሀል የያዘቻቸውን ስፒሎች እንኳ አልተፋችም። እኔ ከዳቦ ቤት ሥራዬ ተመልሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ የቆምኩበትን እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነበር።

«ፊቱ ተነስቷል» አለችኝ በስፒሎቹ መሀል።

«የማን ፊት?»

«የቀሚሱ ነዋ! የልጄ ሰማያዊ ቀሚስ። የፊቱ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ሽቅብ ተነስቷል። ጠዋት ደረጃውን ስትወርድ ከላይ ቆሜ አየኋት። ከኋላ ደግሞ ተንዘላዝሏል።»

«ታዲያ ውሃ አሳጥሮት ይሆናላ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ደረቷ ላይ ሰካቻቸው። «ውሃ የሚያሳጥረው ጨርቅ ለልጄ የምቆርጥ ይመስልሻል? ደግሞስ ውሃ ፊቱን ብቻ መርጦ ያሳጥራል? ሞኝ አትሁኚ። ነፍሰ ጡር ናት።»

እግሬን ከውሃው አወጣሁት።

ይህን ያለችኝ ሌላ ሴት ብትሆን ስቄ እሸኛት ነበር። ችግሩ የኛ ልብስ ሰፊ በዚህ ጉዳይ ተሳስታ አታውቅም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሚስት ቀሚስ ልትለካ በመጣች ጊዜ፣ ጠርዙን በጠመኔ እያሰመረች «ትንሽ ትርፍ ልተውልሽ፣ ያስፈልግሻል» ብትላት ሴትየዋ ተቆጥታ ወጣች፤ ኋላ ግን ኬክ ተሸክማ፣ እየሳቀች ተመለሰች። የላይኛው ፎቅ አስተማሪም እንዲሁ። ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ፊቱ ያጥራል፣ ኋላው ባለበት ይቀራል። ሐኪም ምርመራ ይላል፤ እሷ ጠርዝ ታያለች።

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ መለሎ ይላታል። ረጅም ናት፤ የኛን የኮሪደር አምፖል ወንበር ሳትፈልግ የምትቀይር እሷ ብቻ ናት። የምትሠራው በውሃ ክፍያ መስሪያ ቤት፣ ከመስታወት መስኮት ኋላ ነው። ያን መስኮት የሠራው ሰው ለድንክ ይሥራው ለሕፃን እንጃለት፤ የሚነጋገሩበት ቀዳዳ ከአገጯ በታች ስለሆነ፣ ሰው ባናገራት ቁጥር አንገቷን ሰብራ ጆሮዋን ወደ ቀዳዳው ታስጠጋለች። ልከፍል ስሄድ የማየው ፊቷን ሳይሆን አናቷን ነው።

አባቷ ትምህርት ቤት እያለች ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ከእኔ ቤት በአንዲት ስስ ግድግዳ ተለይተው። ስስ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ ወዲያ ማዶ መርፌ ቢወድቅ ወዲህ ማዶ ባለቤቴ «ምን ወደቀ?» ይላል።

በዚያ ግድግዳ የተነሳ ሰፈሩ የማያውቀውን አንድ ነገር አውቃለሁ። መለሎ ጎባጣ ናት። ልጅነቷ ሳያልቅ ቁመቷ ድንገት ተመዘዘና ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ በላይ ስትሆን፣ ትከሻዋን ወደ ፊት ሰብስባ፣ ደረቷን ደብቃ መሄድ ጀመረች። አባቷ ሲሞትማ ጨርሶ ተጠቀለለች። እናቷ መጀመሪያ «ቀና በይ! ኧረ ቀና በይ!» እያለች ስትጮህ እሰማ ነበር። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ልጅቷ ቀና ያለች መስሎኝ ነበር። ለካስ እናትየው መጮኹን ትታ መቁረጥ ጀምራለች።

የፊቱን አጠር፣ የኋላውን ረዘም አድርጋ ነው የምትቆርጥላት። ከአንገቱ በታች የማትታይ እጥፋት፣ ትከሻው ላይ ስስ ጥጥ፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ጉብታውን በልብሱ ውስጥ ትቀብረዋለች። መለሎ የናቷን ስፌት ለብሳ ስታልፍ ሰው «እንዴት ያለች ሸንቃጣ ልጅ!» ይላል። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣች አክስቷ እንኳ አላወቀችባትም።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው እንግዲህ፣ እሷም እኔም፣ ያን ቀን ተቀምጠን ያበድነው።

«ሌላ ምልክትስ አለ?» አልኳት፣ ዳኛ ይመስል።

«ሞልቶ! ትበላለች። ድሮ እንደ ወፍ የምትቆነጥረው ልጅ አሁን ሳህኑን ትጠርጋለች። ትተኛለች። ያ ሁልጊዜ የሚፈልጣት ራስ ምታት የት እንደገባ የለም። ብቻዋን ትስቃለች። በዚያ ላይ አንዳንድ ማታ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። 'ምን ሆንሽ?' ስላት 'አቧራ ነው' ትለኛለች።»

«አቧራም አለኮ።»

«ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የሚነሳ አቧራ?»

እግሬን በፎጣ ማድረቅ ጀመርኩ።

«እሺ ትሁን» አልኳት ኋላ ላይ። «ትልቅ ሰው ናት፣ ደሞዝ አላት። ብታረግዝ ምን ይደረጋል? አያት ትሆኛለሽ፣ የሕፃን ልብስ ትሰፊያለሽ።»

«ያናደደኝ ማርገዟ መሰለሽ?» ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ተነሳች። «የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሆድ እኔ ነኝ ቀድሜ የማውቀው። የገዛ ልጄ ትደብቀኛለች? ማንን ከእኔ አስበልጣ ነው የምትነግረው? እኔ ምኗ ነኝ?»

ወጥታ ሄደች። ወዲያው የስፌት መኪናዋን ስታንቀሳቅስ ሰማሁ፤ ግን እንደወትሮው ረጅም ሩጫ አልነበረም። ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ትሄዳለች፣ ትቆማለች። እኔም አብሬ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ማታ ሲገባ ነገሩን ነገርኩት፤ ለማንም አትንገሪ ስላላለችኝ ነው። ካልሲውን እያወለቀ፣ «መለሎን ነው? እሷንማ ማክሰኞ አይቻታለሁ» አለኝ። «የውሃው መስሪያ ቤት ሲዘጋ ወጥታ፣ ከጎማ ሻጩ ጎን ባለው ደረጃ ስትወጣ። ጥቅልል ያለ ነገር ታቅፋ ነበር።»

«ምን ዓይነት ጥቅል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እየነዳሁ ነበር። ወፈር ያለ። ፍራሽ ነገር።»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። በግድግዳው በኩል ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፣ እሷ እየሮጠች መጣች፣ እኔም ነገርኳት።

«ፍራሽ?» አለች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «የሕፃን ፍራሽ ነው! ሌላ ቤት እያዘጋጀች ነው! ልትሄድብኝ ነው!»

ባለቤቴ ካልሲውን መልሶ አጠለቀና የእግር መንገድ ልሂድ ብሎ ወጣ።

ዓርብ ተከተልናት። ሁለት ትላልቅ ሴቶች ሰውን በድብቅ ሲከተሉ አይታችሁ ከሆነ እንዴት እንደሚያምር ታውቃላችሁ። እሷ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያያት አደረገች። እኔ የአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ ማሰሪያው ላልቶ በየእርምጃው ጧ ጧ ይላል። መለሎ ከፊታችን ትሄዳለች፣ ጥቅሉን በብብቷ ይዛ። አንዴ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆም ስትል እኛም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ኋላ ተወሸቅን።

«እያት አረማመዷን» አለችኝ በሹክሹክታ። «ደረቷን ነፍታ፣ ወገቧን ወደ ውስጥ ሰርጉዳ። ሆድ ሲከብድ ሴት እንዲህ ነው የምትሄደው።»

አየሁ። እውነትም ደረቷን ነፍታለች። በዚያን ሰዓት ለእኔም እርግዝና መሰለኝ፤ ሰው አንዴ ካመነ ምን የማያየው ነገር አለ።

የጎማ ሻጩን አለፍንና በጠባቡ ደረጃ ወጣን። የላስቲክ ሽታ እስከ ላይ ተከተለን። ከላይ አንድ በር አለ፣ ገርበብ ያለ። ጆሯችንን አስጠጋን።

የሴት ድምፅ ነው። ረጋ ያለ። «ወደ ውስጥ... ያዙት... አሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ። ፍርሃቱ ሲመጣ ትንፋሹን አትቁረጡ። ዝም ብላችሁ ተንፍሱ። ያልፋል።»

ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ ጨመቀችኝ። «ምጥ» አለች። «ምጥ እያስተማሯቸው ነው።»

ከዚያ በሩን ገፍታ ገባች።

ሰፊ፣ ባዶ ክፍል ነው፤ አንዱ ግድግዳ በሙሉ መስታወት። ወለሉ ላይ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ምንጣፍ ምንጣፉ ላይ ሆኖ ተለምጧል። መለሎ ከመሀል ናት። መዳፏንና የእግሯን መርገጫ መሬት ተክላ፣ ሆዷን ወደ ጣሪያ አንስታ፣ እንደ ድልድይ ቅስት ሠርታለች። ጭንቅላቷ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እናቷን ያየቻት ተገልብጣ ነው።

«ኧረ ጽንሱን!» አለች ልብስ ሰፊዋ በሙሉ ድምጿ። «ኧረ ልጁን ልትገድይው ነው!»

አንድ ቦርጫም ሰውዬ ከነቅስቱ ዘጭ አለ። «የማን ጽንስ?» አለ ከወለሉ ላይ።

አሰልጣኟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሽበታም፣ የቀድሞ የመረብ ኳስ ተጫዋች ናት። ወደኛ ዞር እንኳ አላለችም። ወደ መለሎ ጠጋ ብላ፣ «በድንጋጤ እንዳትወርጂ» አለቻት። «አገጭሽን ወደ ደረትሽ ሰብስቢ። መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ መጨረሻ ወገብ። ጉልበትሽን እቀፊና ትንሽ ቆዪ።» መለሎም እናቷ እላይዋ ላይ እየጮኸች፣ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ወገቧን በተራ አሳረፈች፣ ጉልበቷን አቀፈች፣ ተነፈሰች። ልጅቷ መልሳ ብትጮህባት እናትየው ትችለው ነበር። ቀስታዋ ነው ያቃጠላት።

ከዚያ መለሎ ተነሳች።

የለበሰችው ማንም ያልቆረጠላት፣ ያልጠበበ ያልሰፋ ነጭ ካናቴራ ነው። እና ቀጥ ብላለች። ቁመቷን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የማውቀው የታጠፈውን ነው። አንገቷ ከየት መጣ? ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ያውም የሚያምር። አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፣ ሁልጊዜ ስላለ ማንም አያየውም።

እናቷ ግን አንገቷንም ትከሻዋንም አላየች። በቀጥታ ሆዷ ላይ እጇን አሳረፈች። ዳበሰች። ግራና ቀኝ ፈተሸች።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ልጁ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቦርጫሙ ሰውዬ የራሱን ሆድ መታ መታ እያደረገ «ምናልባት እዚህ ገብቶ ይሆናል» አለ። መለሎ ግን አልሳቀችም። እናቷም አልሳቀችም፤ ግራ ገብቷት የልጇን ሆድ እንደያዘች ቆማለች።

«ታዲያ» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ታዲያ የቀሚስሽ ፊት ለምን ተነሳ?»

«ቀና ብዬ ነዋ፣ እማ።»

ሰው ነገር ሲገባው ፊቱን ማየት ደስ የሚል ነው ይላሉ። እኔ ያን ቀን ደስ አላለኝም። አጠር አድርጋ የቆረጠችው ፊት፣ ረዘም አድርጋ የቆረጠችው ኋላ፣ ሁሉም እዚያው መስታወቱ ፊት በጭንቅላቷ ውስጥ ሲገጣጠም ታየኝ። በዓለም ላይ ያለ ምክንያት ሁሉ መጥቶላት፣ ይህ አንዱ ብቻ አልመጣላትም፤ ልጇ ልትቃና ትችላለች የሚለው።

አሰልጣኟ ሌሎቹን አሳርፋ ወንበር አመጣችልን። መለሎ ለምን እንደመጣች ነገረችን፦ ራስ ምታቱ አልለቃት ሲል ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ሐኪሙ አንገቷንና ጀርባዋን አይቶ ክኒኑን ትተሽ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ ብሏት ነው።

«እኔ መድኃኒት አልሰጥም» አለች አሰልጣኟ። «ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ሲታጠፍ የደረቱ ጡንቻ ያጥራል፣ የጀርባው ይላላል፣ ሳንባው እንደልቡ አይነፋም። ወደ ኋላ ስንለመጥ ያጠረው ይረዝማል፣ የላላው ይሠራል። ትንፋሽ ቦታ ያገኛል። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ወገባቸውን በጉልበት የሚሰብሩት ናቸው የሚጎዱት። ልጅዎ ወራት ሙሉ ሆዷ ላይ ተኝታ ደረቷን ብቻ ስታነሳ ነው የከረመችው።»

«የሚያስለቅሳትስ ማነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትመጣው። ማነው የሚቆጣት?»

አሰልጣኟ ወደ መለሎ አየች። መለሎ የካናቴራዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች።

«ግመል የሚሉት አለ» አለች። «ተንበርክከሽ፣ እጅሽን ተረከዝሽ ላይ ጭነሽ፣ ደረትሽን ወደ ላይ ትሰጪያለሽ። መጀመሪያ ቀን ስሞክረው ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ማንም አልነካኝም፣ ማንም አልተናገረኝም፤ ግን ራቁቴን ገበያ መሀል የቆምኩ መሰለኝ። ከዚያ ዝም ብሎ መጣ። አባዬን አለቀስኩት።»

«አባትሽን?» አለች እናቷ። «ያኔ እኮ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰስሽም። ሰው ሁሉ ጨካኝ ልጅ ብሎሻል።»

«ታጥፌ ነበራ። በየት በኩል ይውጣ?»

ከወንበሩ ስር የኔን ነጠላ ጫማ ፈለግኩ፤ አልጠፋብኝም፣ የት እንደማይ ጠፍቶኝ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ጧ ጧ እያልኩ። አደባባዩ ደረስን። ከዚያ እናትየው ፈነዳች።

«እኔ ሸፈንኩልሽ እንጂ አላጎበጥኩሽም!»

«አውቃለሁ።»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው! ጣቴ እስኪላጥ!»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ማንም አልሳቀብኝም። እኔም አላወቅኩም ነበር እማ፤ እዚያ ቤት ያንቺን ልብስ አውልቄ ካናቴራ ለብሼ መስታወቱ ፊት ስቆም ነው ራሴን ያየሁት። ደነገጥኩ። ሌላ ሴት መሰለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ቀና ስል የሰፋሽልኝ ሁሉ ይበላሻል። ይሄን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እናቷ ጥቂት ሄደች። «ይበላሽ። ሌላ እሰፋለሁ። ነገ ጠዋት እለካሻለሁ።»

«ነገ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ገና ነኝ። ዛሬ የለካሽኝ በሚቀጥለው ወር አይሆነኝም።» ከዚያ፣ ባትለው ይሻል የነበረውን ጨመረች። «ደግሞ እስከዚያ ብዬ ከሱቅ አንድ ሸሚዝ ገዝቻለሁ። እንዳለ ልክ ሆነኝ።»

የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ከሱቅ፣ እንዳለ ልክ የሆነ። በጥፊ ብትላት ይቀላት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት አታንሱብኝ። መኪናው አይሄድም። በምትኩ በግድግዳው የሚመጣው የመቅደድ ድምፅ ነው፦ ጥርርር፣ ዝም። ጥርርር፣ ዝም። የልጅቷን ቀሚሶች ሁሉ አውጥታ ስፌታቸውን እየተረተረች ነው። የዕለት ተዕለቱ ጩኸት ሲቀር እንቅልፍ የሚያምር ይመስላችኋል? ባለቤቴ እንኳ «ያ መኪና ተበላሸ እንዴ? ኧረ ሄደሽ እይላት፤ ጸጥታው ሊያሳብደኝ ነው» አለኝ። ዳቦ ቤትም ቀልቤ አልነበረም፤ ለስላሳ ለጠየቀኝ ደረቅ፣ ደረቅ ለጠየቀኝ ለስላሳ ስሰጥ ሰነበትኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። በጨርቅ ክምር መሀል መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ መተርተሪያው በእጇ። ሰማያዊው ቀሚስ ፊቱ ለብቻ፣ ኋላው ለብቻ ተዘርግቷል። አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተቆልፎ ቀርቷል፤ ልታየኝ ስትፈልግ ከነወገቧ ዞረች።

«ፊቱን ላስረዝም ብዬ ነበር» አለችኝ። «በምን ያህል? ልኩ ያልቆመ ሰው እንዴት ይሰፋለታል? ዛሬ እንዲህ ናት፣ ነገ እንዲያ።»

«ቆም እስክትል ጠብቂያታ። እሷም አትሮጥም፣ ጨርቁም አይሻግትም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ የኔን ቀሚስ ስፊ፤ የኔ ልክ ከመስፋት በቀር ለውጥ አያውቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። መተርተሪያውን አስቀመጠች። «አንቺ ቀልጂ። ሕፃን ሳለች አበላኋት፣ አጠብኳት። አደገች፣ ራሷ ትበላለች፣ ራሷ ትታጠባለች። የቀረኝ ልብሷ ነበር። ጠዋት ስትወጣ እኔ የሠራሁት ነገር ጀርባዋን ይዞላት ሲሄድ አያለሁ። አሁን ምኗን ልያዝላት? በይ ንገሪኝ፣ አንቺ ሁሉን አዋቂ!»

ልመልስላት አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና መለሎ ገባች። ከሥራ ነው የመጣችው። የለበሰችው ያንኑ የሱቅ ሸሚዝ ነው። እናቷ ከነወገቧ ዞራ ከአንገት እስከ ጫፍ አየችው።

«ክሩ አይረባም» አለች።

«አይረባም» አለች መለሎ።

«ቁልፉም በሁለት እጥበት ይወልቃል።»

«ይወልቃል። አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«እስቲ ወደዚህ ዙሪ።»

«ብችልማ እዞር ነበር!»

መለሎ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ጨርቁን ገፋ ገፋ አድርጋ ከኋላዋ ተንበረከከች። አውራ ጣቷን ትከሻዋ ላይ ስታሳርፍ እናትየው «እህ» አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው የእናትየውን ጀርባ ያየሁት። ልጅቷን ስናይ ስናይ፣ ይህችን ማንም አላያትም። ዕድሜዋን በመኪናው ላይ እንዳጎነበሰች ቀርታለች፤ የራሷን ልብስ ደግሞ እንደሌላው ሰው ዝም ብላ ነው የምትሰፋው፣ ጉብታዋን የሚሸፍን እጥፋት አልሰጠችውም።

«ያ ግመላችሁ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች፣ «ያማል?»

«በልክ ከሆነ አያምም። ያስፈራል።»

«እኔ ግመል አልሆንም።»

«ማን ግመል ሁኚ አለሽ? አንቺ ጋደም ነው የምትይው።»

መለሎ የገበር ጨርቁን ጥቅል ከመደርደሪያው አወረደች፣ ጠበቅ አድርጋ መልሳ ጠቀለለችውና ወለሉ ላይ አጋደመችው። የሰማያዊውን ቀሚስ ኋላ አጣጥፋ ለራሷ ትራስ አደረገችላት። «ዋ! እሱን!» አለች እናቷ፤ ግን አልከለከለቻትም። እኔ በአንድ ክንድ፣ ልጅቷ በሌላው፣ ጥቅሉ ከትከሻዋ አጥንቶች በታች እንዲውል አድርገን ቀስ ብለን አስተኛናት። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋንላት። ጉልበቷን አጠፍንላት።

«ወገብሽን ከቆጠቆጠሽ ወዲያው ንገሪኝ፣ ጥቅሉን አሳንሳለሁ» አለች መለሎ።

«አይቆጠቁጠኝም። ደረቴ ነው... የሆነ ነገር ተቀመጠብኝ።»

«ተንፍሺ።»

«እየተነፈስኩ ነው።»

«አልተነፈስሽም። ይዘሽዋል።»

ተነፈሰች። አጭር፣ እንደተሰረቀ። ሌላ ደገመች። ዓይኗ ጣሪያውን ይዞራል።

«ይሄ ጣሪያ እንዲህ ጠቁሮ ነው የኖረው?»

«የካውያሽ እንፋሎት ነው» አልኳት። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ ቀና ብለሽ ስለማታውቂ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «አንሺኝ።»

መለሎ ወዲያው እጇን ከስሯ ሰደደች።

«ቆይ!»

«አንሺኝ አላልሽም?»

«ቆይ አልኩሽ! ምን ያጣድፍሻል?»

ቆየን። ትንፋሿ ረዘመ፣ ተቆረጠ፣ መልሶ ረዘመ። እንባው በዓይኗ ጠርዝ ወጥቶ በጎንና በጎን ወረደ። ፊቷ አልተኮሳተረም፣ ከንፈሯ አልተንቀጠቀጠም፤ ቧንቧ ሳይዘጋ ሲቀር እንደሚፈስ ዝም ብሎ ይፈሳል።

«ጆሮዬ ውስጥ ገባ» አለች።

መለሎ የሸሚዟን እጅጌ ስባ ጠረገችላት።

«እሱስ ለዚህ ይበጃል» አለች እናቷ፣ «ጥረጊበት።» መለሎ ሳቀች። ስትስቅ ደረቷ ሙሉ ሆኖ ነው፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ቤት በግድግዳው ሰምቼ አላውቅም። እጇን ከእናቷ ጀርባ ስር አላወጣችውም። እናትየውም ክብደቷን ቀስ በቀስ ለቀቀችላት፤ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ቀጥሎ አንገቷን። የተቆለፈው አንገት በትንሹ ዞረ፣ ወደ ልጅቷ በኩል።

በር ተንኳኳ። ሱሪ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው። ገርበብ አድርጌ ከፍቼ በሰውነቴ ጋረድኩት።

«ልብስ ሰፊዋ የሉም እንዴ?»

«አሉ። ተኝተዋል። ነገ ይመለሱ።»

«በዚህ ሰዓት? አመማቸው?»

መልስ ሳዘጋጅ ከውስጥ ድምጿ መጣ፣ እንደወትሮው ቁጡ፣ ግን ከወትሮው ይልቅ ከጠለቀ ቦታ። «አልተኛሁም፣ አላመመኝም! እየተነፈስኩ ነው በይው!»